ቁጥሩ አንድ፣ ንባቡ ሁለት
የጦር መሣሪያ ቁጥጥርና የመራጮች ውሳኔ

አንባቢያን ይህን ጽሑፍ ማንበብ ከመቀጠላቸው በፊት እርሳስና ወረቀት ይዘው አንዲት አነስተኛ ስሌት እንዲሠሩልን በትሕትና እንጠይቃለን። ለቆዳ ሽፍታ የተዘጋጀ አንድ አዲስ ቅባት በሙከራ ተፈትኗል እንበል። ቅባቱን ከተቀቡት ሕሙማን መካከል 223ቱ ሲሻላቸው 75ቱ ብሶባቸዋል። ቅባቱን ካልተቀቡት መካከል ደግሞ 107ቱ ሲሻላቸው 21ዱ ብሶባቸዋል። እንግዲህ ቅባቱ ይረዳል ወይስ ይጎዳል?

አብዛኛው ሰው ዐይኑን የሚጥለው 223 በሚለው ትልቅ ቁጥር ላይ ነው፤ ስለዚህም "ይረዳል" ይላል። ትንሽ ጠንቀቅ የሚለው ደግሞ ቅባቱን ከተቀቡት መካከል የተሻላቸው ከባሰባቸው ሦስት እጥፍ ያህል መሆናቸውን አይቶ እዚያው መልስ ላይ ይደርሳል። ሁለቱም ተሳስተዋል። መነጻጸር ያለባቸው ቁጥሮቹ ሳይሆኑ ጥምርታዎቹ ናቸውና። ከተቀቡት 298 ሰዎች የተሻላቸው 75 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ካልተቀቡት 128 ሰዎች ግን 84 በመቶ ገደማ ተሽሏቸዋል። በዚህ መረጃ መሠረት ቅባቱን አለመቀባት ይሻላል ማለት ነው። ስሌቱ ከመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አያልፍም፤ አስቸጋሪው ነገር ማካፈሉ ሳይሆን ማካፈል እንደሚያስፈልግ ማስተዋሉ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን እንዳሉ ትተን ርእሱን ብቻ እንለውጥ። በሕሙማን ፈንታ ከተሞችን፣ በቅባት ፈንታ ሰዎች በአደባባይ ሽጉጥ ሸሽገው እንዳይዙ የሚከለክል ሕግን እናስገባ። ሕጉን ካወጡት ከተሞች በ223ቱ ወንጀል ቀነሰ፣ በ75ቱ ጨመረ፤ ሕጉን ካላወጡት በ107ቱ ቀነሰ፣ በ21ዱ ጨመረ። የሒሳቡ መልስ ያው ነው፤ ሕጉ ባልወጣባቸው ከተሞች ሁኔታው የተሻለ ሆኗል። የዓምዶቹን ስም ብናቀያይር ደግሞ መልሱ ይገለበጣል። ቁጥሮቹ ለሙከራ ተብለው የተፈጠሩ እንጂ ከእውነተኛ ከተሞች የተሰበሰቡ አለመሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

የ2013ቱ ሙከራ

ይህን ፈተና ያዘጋጁት የዬል ዩኒቨርሲቲው የሕግ ምሁር ዳን ካሃንና ባልደረቦቻቸው ኤለን ፒተርስ፣ ኤሪካ ካንትሬል ዶውሰንና ፖል ስሎቪክ ናቸው። ውጤቱን መጀመሪያ ያሰራጩት እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሆን፣ በመጽሔት የታተመው በ2017 ነው። (ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ከአሜሪካ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የተመረጡ 1,111 ሰዎች በሙከራው ተሳትፈዋል። ተመራማሪዎቹ በቅድሚያ የእያንዳንዱን ሰው የስሌት ችሎታ በአጭር ፈተና ለኩ፤ የፖለቲካ ዝንባሌውንም መዘገቡ። ከዚያም ለአንዳንዱ የቅባቱን፣ ለአንዳንዱ የሽጉጡን ሠንጠረዥ ሰጡ።

በቅባቱ ጥያቄ ያልተጠበቀ ነገር አልታየም። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተሳሳቱ፤ የስሌት ችሎታቸው ከፍ ያለው ግን በብዛት ትክክለኛውን መልስ አገኙ። ዴሞክራት ይሁን ሪፐብሊካን ለውጥ አላመጣም። በሽጉጡ ጥያቄ ግን ነገሩ ተቀየረ። ትክክለኛው መልስ ከፖለቲካ ወገናቸው አመለካከት ጋር በሚስማማበት ጊዜ ሰዎቹ በብዛት አገኙት፤ በማይስማማበት ጊዜ በብዛት ሳቱት። ይህ በሁለቱም ወገን ታይቷል። እስከዚህ ድረስ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሰው የሚወደውን መስማት እንደሚወድ ለማወቅ ሙከራ አያስፈልግም።

የሚያስደንቀው ቀጥሎ ያለው ነው። የስሌት ችሎታቸው ዝቅተኛ በሆኑት ዘንድ፣ መልሱ ከወገናቸው አመለካከት ጋር የተስማማላቸው ሰዎች ካልተስማማላቸው ይልቅ ትክክለኛውን መልስ የማግኘት ዕድላቸው በአማካይ በ25 የመቶኛ ነጥብ ይበልጥ ነበር። የስሌት ችሎታቸው ከፍተኛ በሆኑት ዘንድ ግን ልዩነቱ ወደ 45 የመቶኛ ነጥብ አደገ። የተሻለ ማስላት የሚችሉት ሰዎች ይበልጥ ተራርቀዋል። ተመራማሪዎቹ ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ የሚከተለው ነው። ሒሳብ ዐዋቂው ቁጥሮቹን ገና ሲያያቸው ላይ ላዩን የሚታየው መልስ ወገኑን የሚደግፍለት ከሆነ እዚያው ይቆማል፤ ላይ ላዩን የሚታየው መልስ ካላስደሰተው ግን "ቆይ እስቲ" ብሎ ማካፈል ይጀምራል። ችሎታው በእጁ ነው፤ ችሎታውን መቼ እንደሚያወጣው የሚወስነው ግን ሌላ ነገር ነው።

እኛ የፊዚክስ መምህራን ይህን ውጤት ዝም ብለን ልናልፈው አንችልም። ሰዎች የማይስማሙት መረጃ ስለሌላቸው ወይም መረጃውን ማንበብ ስለማይችሉ ነው፤ እንግዲህ ማስላትን ብናስተምራቸው ይግባባሉ የሚል እምነት በሙያችን ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። እንዲህ ያለ መጽሔት የሚዘጋጀውም በከፊል በዚሁ እምነት ነው። ሙከራው ደግሞ ይህ እምነት ቢያንስ በአንዳንድ ርእሶች ላይ እንደማይሠራ ያመለክታል።

የአንድ ድምፅ ዋጋ

ሰው በሚያውቀው ስሌት ስለ ምን አይጠቀምም? መልሱን በስንፍና ወይም በክፋት ላይ ማሳበብ ቀላል ነበር። ነገር ግን ምጣኔ ሀብት ዐዋቂው አንቶኒ ዳውንስ በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ የተሻለ ፍንጭ ትተውልናል። የአንድ መራጭ ድምፅ የምርጫውን ውጤት የመለወጥ ዕድሉ እጅግ አነስተኛ ነው። በ2008ቱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ አንድሩ ጌልማንና ባልደረቦቻቸው ይህን ዕድል አስልተው ለአማካይ መራጭ ከ60 ሚሊዮን አንድ ገደማ ሆኖ አግኝተውታል። እንግዲህ መራጩ ስለ ሽጉጥ ሕግ መረጃ ሲመረምር ሌሊቱን ቢያነጋና ትክክለኛው መልስ ላይ ቢደርስ በሀገሪቱ ሕግ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከምንም የማይቆጠር ነው። የግዢ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ መኪና ሲገዛ ቢሳሳት ኪሳራው የራሱ ነውና አጥብቆ ይጠይቃል።

በሌላ በኩል ይኸው ሰው በጎረቤቶቹ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ዘንድ ስለ ጦር መሣሪያ ከሌላው የተለየ ሐሳብ ቢይዝ የሚከፍለው ዋጋ በየቀኑ የሚታይ ነው። ወዳጅ ይርቀዋል፤ ከሃዲ ይባላል፤ ሥራውም ሊነካ ይችላል። አንዱን ዋጋ ከሌላው ጋር ብናመዛዝን መራጩ ጥበቡን ከወገኖቹ ጋር ለመስማማት ማዋሉ ለራሱ ጥቅም ትክክለኛ ስሌት ሆኖ እናገኘዋለን። ጉዳቱ የሚታየው እያንዳንዱ እንዲህ ሲያሰላ ድምፁ በአንድነት ሲደመር ነው። ያን ጊዜ የሀገር ሕግ ስለ ሕጉ ባልታሰበበት ድምፅ ይወሰናል።

ጠመንጃ ይህን ያህል የወገን ምልክት የሚሆንበትን ምክንያት ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት ብዙ አያደክምም። ምንሽር ከአባት ወደ ልጅ ሲወርስ፣ ሰርግና ለቅሶ በጥይት ድምፅ ሲደምቅ ያየ ሰው፣ መሣሪያ ከብረትና ከባሩድ የበለጠ ነገር እንደሆነ ያውቃል። በ2012 ዓ.ም. በሀገራችን የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 በገጠር ሲነበብ የሚቀሰቅሰው ስሜት የአንቀጾቹ ይዘት ብቻ አይደለም። የዶክትሬት ትምህርታችንን በአሜሪካ ስንከታተል በቤተ ሙከራችን የብረት ሥራ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ ቴክኒሺያን ነበሩ፤ የሚሊ ሜትር መቶኛን ያለ ስሕተት የሚለኩ ሰው ናቸው። በየዓመቱ በኅዳር ወር አጋዘን ሊያድኑ ይሄዳሉ። ስለ ሽጉጥ ሕግ ጠይቀናቸው የነገሩን ስለ ሽጉጥ አልነበረም፤ ከሚጠይቋቸው ፖለቲከኞች ማን እንደሚንቃቸውና ማን እንደማይንቃቸው ነበር የነገሩን። ድምፃቸውንም የሚሰጡት በዚያው መለኪያ ነበር።

ዘጠኝ ከዐሥር ሰዎች የደገፉት ሕግ

ከቤተ ሙከራ ወጥተን እውነተኛውን ድምፅ እንመልከት። በአሜሪካ ከ1993ቱ የብሬዲ ሕግ ወዲህ ፈቃድ ያለው ነጋዴ መሣሪያ ከመሸጡ በፊት የገዢው ያለፈ ታሪክ እንዲጣራ ያደርጋል። ፈቃድ የሌለው ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ ግን የፌዴራል ሕጉ ይህን ግዴታ አይጥልም። በታኅሣሥ ወር 2012 በኮኔቲከት ግዛት ኒውታውን ከተማ በሚገኘው ሳንዲ ሁክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ከተገደሉ በኋላ ማጣራቱ ወደ ግለሰቦች ሽያጭም እንዲሰፋ የሚያደርግ ረቂቅ ቀረበ። በዚያን ጊዜ የተካሄዱት የአስተያየት ጥናቶች ከዐሥር አሜሪካውያን ዘጠኙ ያህል ሐሳቡን እንደሚደግፉ ያሳዩ ነበር። ሆኖም ሚያዝያ 17 ቀን 2013 ረቂቁ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት (ሴኔት) ወደቀ። 54 ደገፉ፣ 46 ተቃወሙ፤ የሚያስፈልገው 60 ድምፅ ነበር።

የዚህ ምክንያት አንዱ ተራ ሒሳብ ነው። በሴኔት እያንዳንዱ ግዛት ሁለት መቀመጫ አለው። በ2020ው የሕዝብ ቆጠራ ካሊፎርኒያ 39.5 ሚሊዮን፣ ዋዮሚንግ 577 ሺህ ገደማ ሕዝብ ነበራቸው፤ ስለዚህ የአንድ የዋዮሚንግ ነዋሪ ክብደት የካሊፎርኒያውን 68 ጊዜ ያህል ይበልጣል። መሣሪያ ደግሞ በገጠር በብዛት ይገኛል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2023 ባካሄደው ጥናት በገጠር ከሚኖሩ አዋቂዎች 47 በመቶው መሣሪያ አለን ሲሉ፣ በከተማ ከሚኖሩት 20 በመቶው ብቻ አለን ብለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የስሜት ጥንካሬ ነው። የአስተያየት ጥናት "ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ?" ብሎ ሲጠይቅ የሁሉንም መልስ እኩል ይቆጥራል። በምርጫ ቀን ግን መራጩ አንድን ጥያቄ ብቻውን አይመልስም፤ ግብርን፣ ሕክምናን፣ ሥራንና መሣሪያን በአንድ ላይ አስሮ ለአንድ ሰው ይሰጣል። ቁጥጥሩን ከሚደግፉት ዘጠኙ ውስጥ ብዙዎቹ ጉዳዩን በአምስተኛ ወይም በስድስተኛ ደረጃ ያስቀምጡታል። ከተቃዋሚዎቹ መካከል ግን በዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ ድምፃቸውን የሚሰጡ አሉ። ፖለቲከኛው የሚፈራው እነዚህን ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት አለው። በኮሎራዶ ግዛት በ2013 የቁጥጥር ሕግ ከወጣ በኋላ በዚያው ዓመት መስከረም ወር ሁለት የግዛቱ ሴናተሮች፣ ጆን ሞርስና አንጀላ ሂሮን፣ በሕዝብ ድምፅ ከሥልጣናቸው ተነሥተዋል። ሞርስ የወረዱት ከ400 ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ከሌሎቹ ተነጥሎ ብቻውን ለሕዝብ ቢቀርብስ? ይህም ተሞክሯል። በዋሽንግተን ግዛት በ2014 ማጣራቱን የሚያሰፋው ሐሳብ 59 በመቶ ገደማ አግኝቶ አለፈ። በ2016 ግን በሜይን ግዛት ተመሳሳዩ ሐሳብ 48 በመቶ ገደማ ብቻ አግኝቶ ወደቀ፤ በኔቫዳ ደግሞ በ50.45 በመቶ፣ ከዐሥር ሺህ ባነሰ የድምፅ ልዩነት፣ አለፈ። ዘጠና በመቶ የት ሄደ? የአስተያየት ጥናቱ የጠየቀው ስለ ሐሳቡ ነበር። ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የቀረበው ግን ዘመቻ የተደረገበት፣ ደጋፊና ተቃዋሚ የተሰለፈበት፣ የማን እንደሆነ የታወቀ ረቂቅ ነው። ሐሳቡ የወገን ምልክት ከተለጠፈበት በኋላ ሰዎች የሚያነቡት ምልክቱን ነው።

ኔቫዳ ካሏት 17 የአስተዳደር ክልሎች ሕጉን የደገፈው ላስ ቬጋስ የምትገኝበት ክላርክ ብቻ ነው፤ የቀሩት 16ቱ በሙሉ ተቃውመውታል። (በላስ ቬጋስ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ በዚህች ጠባብ ልዩነት ውስጥ የወገኖቻችንም ድምፅ መኖሩ አይቀርም።) የነገሩ ፍጻሜም ትምህርት አለው። ማጣራቱን እንዲሠራ የታሰበው የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ሥራውን አልቀበልም በማለቱ ሕጉ ሳይሠራበት ቆየ፤ በተግባር ላይ የዋለው የግዛቱ ምክር ቤት በ2019 ሌላ ሕግ ካወጣ በኋላ፣ በ2020 መጀመሪያ ነው።

ማግኔትና መራጭ

አንዱ የአስተዳደር ክልል አንድ ሆኖ ሲደግፍ ሌሎቹ አንድ ሆነው ሲቃወሙ የተመለከተ የፊዚክስ ሰው ማግኔትን ያስታውሳል። በማግኔት ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚያመለክት ትንሽ ማግኔት ነው ብለን ብናስብ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ለመስማማት ባለው ዝንባሌ ብቻ ብረቱ በሰፋፊ ክልሎች ተከፋፍሎ ይሰለፋል። ፈረንሳዊው ሰርዥ ጋላም ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን ዐይነቱን ስሌት ለሰዎች አስተያየት ሲጠቀሙበት ቆይተዋል፤ ዘርፉም ሶሲዮፊዚክስ ይባላል። እኛ ግን ሙያችን እንዲህ ባሉ ተመሳስሎዎች በቀላሉ እንደሚማረክ ስለምናውቅ አንባቢን እናስጠነቅቃለን። አቶም ቦታውን ለቆ አይሄድም፤ ሰው ግን የሚመስሉት ሰዎች ወዳሉበት ሰፈር ይዛወራል። ስለዚህ የክላርክ ነዋሪዎች የተስማሙት ተጽዕኖ ተደራርጎባቸው ነው ወይስ ተመርጠው ስለተሰባሰቡ ነው የሚለውን የድምፁ ካርታ ብቻውን አይነግረንም።

ስለ ሕጎቹ በእርግጥ የሚታወቀው

እስካሁን የተናገርነው ስለ መራጮች ነው። የሚከራከሩበት ጉዳይ ግን የሕይወት ጉዳይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በ2021 በአሜሪካ በጦር መሣሪያ 48,830 ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 21 ሺህ የሚጠጉት በሰው እጅ የተገደሉ ሲሆኑ፣ ከ26 ሺህ በላይ የሚሆኑት ግን ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ይህ ሁለተኛው ቁጥር በክርክሩ ውስጥ እምብዛም አይሰማም። ምክንያቱን መገመት አያዳግትም፤ ራሱን የሚያጠፋ ሰው ለየትኛውም ወገን ጠላት ሆኖ ሊቀርብ አይችልም።

ማስረጃው ራሱም ሁለቱ ወገኖች እንደሚሉት የጠራ አይደለም። ጆን ሎት የተባሉ ተመራማሪ በ1998 ባሳተሙት መጽሐፍ ዜጎች ሽጉጥ ሸሽገው የመያዝ መብት ሲያገኙ ወንጀል ይቀንሳል ብለው ነበር፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2004 መረጃውን መርምሮ እንዲህ ለማለትም ሆነ ተቃራኒውን ለማለት እንደማይበቃ አስታወቀ። መረጃው የሳሳበት አንዱ ምክንያት ፖለቲካዊ ነው። በ1996 የሀገሪቱ ምክር ቤት የበሽታ መከላከያው ማዕከል ገንዘቡን የመሣሪያ ቁጥጥርን ለመደገፍ እንዳያውል የሚያግድ አንቀጽ ካጸደቀ በኋላ በጉዳዩ ላይ የሚደረገው የመንግሥት ምርምር ለሃያ ዓመታት ያህል ተዳክሞ ቆይቷል። ለዚሁ ምርምር 25 ሚሊዮን ዶላር ተለይቶ የተመደበው በ2019 መጨረሻ ነው።

ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም ከ2018 ጀምሮ የወጡትን ጥናቶች እየመዘነ ሲያሳትም ከብዙዎቹ ሕጎች ፊት ለፊት የጻፈው ማስረጃው ውስን ወይም ወሳኝ ያልሆነ መሆኑን ነው። ጥቂት ጠንካራ ድምዳሜዎች ግን አሉ። መሣሪያ ከሕፃናት እጅ ተቆልፎ እንዲቀመጥ የሚያስገድዱ ሕጎች በወጣቶች ላይ የሚደርሰውን ራስን ማጥፋትና ድንገተኛ ጉዳት ይቀንሳሉ። ጥቃት የደረሰበት ሰው ማፈግፈግ ቢችል እንኳ ሳያፈገፍግ እንዲተኩስ የሚፈቅዱ ሕጎች ደግሞ በመሣሪያ የሚፈጸመውን ግድያ ይጨምራሉ። በእኛ ግምት የመጀመሪያው ድምዳሜ ከሁሉም የሚበልጥ ዋጋ አለው፤ ከየትኛውም ወገን ጋር እምብዛም ያልተጣበቀ ቁልፍና ሣጥን ነውና። በግንቦት 2022 በቴክሳስ ዩቫልዴ ከተማ 19 ተማሪዎችና 2 መምህራን ከተገደሉ በኋላ በሴኔት 65 ለ33 ያለፈው ሕግም እንዲህ ያሉ ጠበብ ያሉ እርምጃዎችን የያዘ ነበር፤ ማጣራቱን ለሁሉም ሽያጭ የማዳረሱ ሐሳብ አልተካተተበትም።

ሙከራው ሲደገም

ወደ ካሃን ሙከራ እንመለስ። አንድ ውጤት ሳይደገም አይታመንም። በ2021 ስዊድናውያን ተመራማሪዎች ዘዴያቸውን አስቀድመው አስመዝግበው ሙከራውን ደገሙት፤ የስሌት ችሎታቸው ከፍ ያሉት ሰዎች ይበልጥ ወደ ወገናቸው ያደላሉ ለሚለው ሐሳብም ድጋፍ አላገኙለትም። ስለዚህ "ዐዋቂው ይብሳል" የሚለውን ድምዳሜ ገና እንደ ተፈጥሮ ሕግ አንቆጥረውም። ይሁንና ከዚህ የሚቀልለው ድምዳሜ፣ ማለትም የስሌት ችሎታ ብቻውን ከወገንተኝነት ይጠብቃል ብለን መተማመን እንደማይገባን የሚያሳስበው፣ በዚህ ድግግሞሽ አልተነካም።

ካሃንና ሌሎች ባልደረቦቻቸው በ2017 ያሳተሙት ሌላ ጥናት ከስሌት ችሎታ የተለየ ነገር ለክቷል፤ ይኸውም የሳይንስ ጉጉትን ነው። ጉጉትን የለኩት ሰውየው ጉጉ መሆኑን በመጠየቅ ብቻ አይደለም፤ ምን ለማንበብ እንደሚመርጥና ከቀረበለት የሳይንስ ፊልም ምን ያህሉን ተመልክቶ እንደሚያቋርጥ ጭምር ነው። ከዚያም ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሁለት ዐይነት ጽሑፍ አቀረቡለት፤ አንዱ የሚያምንበትን የሚያጸና፣ ሌላው የሚቃረን። ርእሶቹም አንዱ የተለመደ፣ ሌላው አስገራሚ ግኝት የያዘ መስሎ ተጻፈ። ጉጉታቸው ዝቅተኛ የሆኑት የሚስማማቸውን መረጡ። ጉጉታቸው ከፍተኛ የሆኑት ግን አስገራሚው የሚቃረናቸው በሆነ ጊዜም እርሱን ለማንበብ መረጡ። ይህን ጉጉት በመማሪያ ክፍል ማሳደግ ይቻል እንደሆነ የሚፈትን ሙከራ በራሳችን ፋኩልቲ ቢጀመር ሠንጠረዦቹን ለማዘጋጀት ፈቃደኞች ነን፤ ስለ ሽጉጥ ሳይሆን ተማሪዎቻችን ስለሚከራከሩበት ስለ አንዱ ጉዳይ፣ በ223፣ በ75፣ በ107 እና በ21።